ድል ያስተኛቸው ሁለቱ ቀያዮች

ሜይ 12 ቀን 2024 ማንቸስተር ከተማ ላይ ዶፍ ወረደ። ኦልድትራፎርድ ላይ አርሰናል በሊያንድሮ ትሮሳርድ ብቸኛ ጎል ማንቸስተር ዩናይትድን 1ለ0 አሸንፎ ሦስት ነጥቡን ይዟል። ጨዋታው ሲያበቃ ግን ካሜራዎቹ ተጨዋቾቹን ትተው ወደ ጣሪያው ዞሩ። ከስታዲየሙ አንደኛው ጥግ ላይ ውሃው እንደ ፏፏቴ እየተንዠቀዠቀ ከታች ባሉት ወንበሮች ላይ ይወርዳል። ሰር ቦቢ ቻርልተን «የህልሞች ቲያትር» ብለው የሰየሙት ቤት በዓለም ፊት አፈሰሰ። የመድፈኞቹ ደጋፊዎች ሳቁ፤ ማንቼዎች አንገታቸውን ደፉ።

ይሁንና ጣሪያ በአንድ ቀን ዝናብ አያፈስም። አንድ ቤት የሚያፈሰው ባለቤቱ ለዓመታት ቀና ብሎ ሳያይ ሲቀር ነው። የዩናይትድ ችግርም እንደዚሁ ነው። በየዲኤስቲቪ ቤቱ ክርክሩ ሁሌ አሰልጣኙ ላይ ነው። «ይሄ ሰውዬ ይባረር!»፣ «አጥቂ ይገዛ!» ይባላል። ሰውየውም ይባረራል፣ አጥቂውም ይገዛል፤ ውጤቱ ግን ያው ነው። ምክንያቱም ያረጀው አሰልጣኙ ሳይሆን ቤቱ ነው።

ነገሩን የሚያስገርመው ከዚያ ስታዲየም ከ60 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ርቀት ላይ የሚኖረው ጎረቤት ተመሳሳይ በሽታ ታሞ መዳኑ ነው። ሊቨርፑል በ1990 ሻምፒዮን ሆኖ ተኛ፤ የነቃው ከ30 ዓመት በኋላ ነው። ዩናይትድ ደግሞ በ2013 ሻምፒዮን ሆኖ ተኛ። ዛሬ ሁለቱም እኩል 20 የእንግሊዝ ሊግ ዋንጫ አላቸው። የሁለቱ ታሪክ ጎን ለጎን ሲነበብ አንድ ነገር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ትልቅ ክለብን የሚጥለው ሽንፈት አይደለም፤ ድል ነው። (በዚህ ጽሁፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጫማዋ ክፍል ሚስጥር

ቢል ሻንክሊ በዲሴምበር 1959 አንፊልድ ሲደርስ ሊቨርፑል በሁለተኛ ዲቪዚዮን የሚዳክር ክለብ ነበር። ሻንክሊ የነበሩትን ረዳቶች አላባረረም፤ ሰብስቦ አሰራቸው እንጂ። ቦብ ፔይስሊ፣ ጆ ፋጋን፣ ሩበን ቤኔት እና ሌሎችም የተጨዋቾች ጫማ በሚቀመጥባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተሰብስበው ስለ ጨዋታው ያወራሉ። ማን ደከመ? ማን ጎበዘ? የመጪው ቅዳሜ ተጋጣሚ በየት በኩል ይሳሳል? የየዕለቱ ልምምድም በደብተር ይመዘገባል። አንድ ተጨዋች ሲጎዳ ወይም ቡድኑ ሲቀዘቅዝ ያለፈው ዓመት ደብተር ተገልጦ መልስ ይፈለጋል። በዓለም ዙሪያ «ቡት ሩም» እየተባለ የሚወራላት ክፍል ይህች ናት።

ብዙዎች ቡት ሩምን የወግ አጥባቂነት ምልክት አድርገው ያስቧታል። በደህናው ዘመኗ ግን የለውጥ ክፍል ነበረች። በ1973 ሊቨርፑል በአውሮፓ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ በቀይ ኮከብ ቤልግሬድ በደርሶ መልስ ሲሸነፍ ሻንክሊና ረዳቶቹ እዚያችው ክፍል ተቀምጠው ተመካከሩ። በወቅቱ ሊቨርፑል የእንግሊዝ ሻምፒዮን ነው። «እኛ ምን ጎደለን፣ ዳኛው ነው የበደለን» ማለት ይችሉ ነበር። እነርሱ ግን በሀገር ውስጥ የሚያዋጣው ጨዋታ አውሮፓ ላይ እንደማይበቃ ተቀበሉ። ኳሱ ከተከላካይ መስመር ጀምሮ በትዕግስት እየተቀባበለ እንዲወጣ፣ የመሀል ተከላካይ የሚሆነውም ኳስ የሚችል ሰው እንዲሆን ወሰኑ። የዚህን ፍሬ ያጨደው ፔይስሊ ነው። ከ1974 እስከ 1983 በቆየባቸው ዘጠኝ ዓመታት ስድስት የሊግ እና ሦስት የአውሮፓ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ አነሳ።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የሚጠይቀው ክፍል ቀስ በቀስ የሚመለክ ክፍል ሆነ። «እኛ ጋ እንዲህ ነው የሚሰራው» የሚለው አነጋገር «ምን እናሻሽል?» የሚለውን ጥያቄ ዋጠው። ሊቨርፑል በ1990 አስራ ስምንተኛውን የሊግ ዋንጫ ሲያነሳ ዩናይትድ ሰባት ብቻ ነበረው፤ የመጨረሻውም የ1967ቱ ነው። ያን ቀን «ቀጣዩን ዋንጫ ለማየት 30 ዓመት ትጠብቃላችሁ» የሚል ሰው ቢመጣ አንፊልድ በር ላይ እብድ ይባል ነበር።

ዓለም ሲቀየር

በእነዚያ ጥቂት ዓመታት የእንግሊዝ እግር ኳስ ከስር መሰረቱ ተገለበጠ። በኤፕሪል 1989 ሂልስብሮ ላይ በደረሰው አደጋ የሊቨርፑል ደጋፊዎች አለቁ፤ የሟቾቹ ቁጥር 97 ነው። ያን ተከትሎ በጃንዋሪ 1990 የወጣው የዳኛ ቴይለር ሪፖርት የትልልቆቹ ክለቦች ስታዲየሞች በሙሉ መቀመጫ እንዲኖራቸው አስገደደ። በ1992 ፕሪሚየር ሊጉ ተመሰረተ፤ የ304 ሚሊየን ፓውንድ የአምስት ዓመት የቴሌቪዥን ውልም ተፈረመ። ደጋፊው ከእንግዲህ ቆሞ የሚጋፋ ሰው ብቻ ሳይሆን ወንበር፣ ማሊያ እና የቴሌቪዥን ሰዓት የሚገዛ ደንበኛ ሆነ።

ዩናይትድ ይህን ቀድሞ አሸተተ። በ1991 አክሲዮኑን ለገበያ አቀረበ። በ1990ዎቹ አጋማሽ 44 ሺህ ሰው ገደማ ይይዝ የነበረው ኦልድትራፎርድ በ1996 ወደ 55 ሺህ፣ በ2000 ወደ 68 ሺህ፣ በ2006 ደግሞ ወደ 76 ሺህ አደገ። አንፊልድ በዚያን ጊዜ ሁሉ 45 ሺህ አካባቢ ላይ ቆሞ ቀረ። ይህ የወንበር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በየሁለት ሳምንቱ የ30 ሺህ ሰው ልዩነት ማለት በየዓመቱ አንድ ጥሩ ተጨዋች ማለት ነው።

ሊቨርፑል ለመለወጥ አልሞከረም ማለት ግን ሀሰት ነው። በኤፕሪል 1991 የመጣው ግሬም ሱነስ በጣሊያን ለሳምፕዶሪያ ተጫውቶ የተመለሰ ሰው ነው። ተጨዋቾች የሚበሉትና የሚጠጡት ነገር መቀየር እንዳለበት ያውቃል። በሀሳቡ ትክክል እንደነበር ጊዜ መስክሮለታል። አርሰን ቬንገር በ1996 አርሰናል ሲገባ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ በ1998ም የሊግና የኤፍኤ ካፕ ጥምር ዋንጫ አነሳ። ታዲያ ልዩነቱ የቱ ላይ ነው? ሱነስ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ነካካው። ነባር ተጨዋቾች በጥድፊያ ወጡ፤ የተተኩት ደግሞ አልበለጧቸውም። የ1992ቱን ኤፍኤ ካፕ ቢያነሳም በሊጉ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ስድስተኛ ሆኖ ጨረሰ፤ በጃንዋሪ 1994 ተሰናበተ።

በእርሱ ዘመን፣ በ1993፣ ያቺ የጫማ ክፍል ለጋዜጠኞች መግለጫ ቦታ ሲባል ፈረሰች። ደጋፊው አለቀሰላት። ትልቁ ጉዳት ግን የግድግዳው መፍረስ አይደለም። ክፍሉ ፈረሰ፣ በምትኩ የሚያስብ ሌላ ክፍል አልተሰራም። ሱነስ ሲሄድ ክለቡ ወደ ድሮው ተመልሶ የቡት ሩም ልጅ የሆነውን ሮይ ኢቫንስን ሾመ። አንዴ ሁሉን ማፍረስ፣ አንዴ ወደ ትናንት መሮጥ። ሊቨርፑል ሁለት አስርት ዓመታትን እንዲህ ፈጀ። በመሀል የ2001 ሦስት ዋንጫዎችና የ2005 የኢስታንቡል ተአምር መጥተዋል፤ የሊጉ ዋንጫ ግን እንደ ራቀ ቀረ። በ2007 የመጡት አሜሪካውያን ባለሀብቶች ቶም ሂክስና ጆርጅ ጂሌት ደግሞ አዲስ ስታዲየም እንደሚገነቡ ቃል ገቡ። «በ60 ቀናት ውስጥ ቁፋሮ ይጀመራል» ተባለ። አካፋው መሬት ሳይነካ በ2010 ክለቡ በዕዳ አፋፍ ላይ ቆመ።

እያሸነፉ መለወጥ

የዚያን ዘመን ንጉስ ማን እንደነበር የማያውቅ የለም። ሰር አሌክስ ፈርጉሰን በ26 ዓመት ተኩል የዩናይትድ ቆይታው 13 የሊግ ዋንጫ አነሳ። ብዙ ሰው ፈርጉሰንን የሚያስታውሰው በቁጣው፣ በማስቲካውና በሰዓቱ ነው። ትልቁ ችሎታው ግን ሌላ ነው፤ ቡድኑን የሚያፈርሰው እያሸነፈ እያለ ነው።

በ1993 እና በ1994 ሻምፒዮን ሆነ። በ1995 በብላክበርን በአንድ ነጥብ ተቀደመ። ሌላ አሰልጣኝ ቢሆን «ትንሽ ነው የቀረን» ብሎ ያንኑ ቡድን ይዞ ይቀጥል ነበር። እርሱ ግን በዚያው ክረምት ፖል ኢንስን፣ ማርክ ሂውዝን እና አንድሬ ካንቼልስኪስን ሸኝቶ ቤካምን፣ ስኮልስን፣ በትንና የኔቪል ወንድማማቾችን አስገባ። ቡድኑ በመክፈቻው ቀን በአስቶን ቪላ 3ለ1 ሲረታ የቀድሞው የሊቨርፑል አምበል አለን ሀንሰን በቢቢሲ ቀርቦ በልጆች ዋንጫ እንደማይገኝ ተናገረ። ከዘጠኝ ወር በኋላ ልጆቹ የሊጉንም የኤፍኤ ካፑንም ዋንጫ አነሱ። የተሳሳተው ተራ ሰው አልነበረም፤ ስንት ዋንጫ ያነሳ የሊቨርፑል ሰው ነው። በድል ያደገ ዓይን አዲሱን ለማየት እንደሚቸገር ከዚህ በላይ ማሳያ የለም።

በኤፕሪል 2000 ሪያል ማድሪድ ኦልድትራፎርድ ላይ 3ለ2 አሸንፎ የአውሮፓ ሻምፒዮኑን ዩናይትድን ከውድድር ሲያስወጣውም ፈርጉሰን የሻንክሊን መንገድ ነው የተከተለው። በሀገር ውስጥ በሰፊ ልዩነት ሻምፒዮን እየሆነ አጨዋወቱን መለወጥ ጀመረ። ረዳቶቹንም በየጊዜው ይቀያይራል። አርቺ ኖክስ፣ ብራያን ኪድ፣ ስቲቭ ማክላረን፣ ካርሎስ ኬይሮሽ፣ ማይክ ፌላን... እያንዳንዱ አዲስ እውቀት ይዞ ይመጣል፤ አለቃው ደግሞ ይሰማል።

ሆኖም አንድ ቀዳዳ ነበረ። የለውጡ ሞተር የተገጠመው በክለቡ ውስጥ ሳይሆን በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው። በ2013 ክረምት ፈርጉሰንና ስራ አስፈጻሚው ዴቪድ ጊል በአንድ ላይ ሲወጡ ሞተሩም አብሯቸው ወጣ። የቀረው 20 ዋንጫና «እኛ እኮ ዩናይትድ ነን» የሚል ኩራት ነው።

የኦልድትራፎርድ እንቅልፍ

ከዚያ በኋላ የሆነውን ደጋፊው በቃሉ ያውቀዋል። ዴቪድ ሞይስ አስር ወር ቆየ። ሉዊ ቫንሀል፣ ጆዜ ሞሪንሆ፣ ኦሌ ጉናር ሶልሻየር፣ ኤሪክ ቴንሀግ፣ ሩበን አሞሪም ተከታተሉ። ከ2013 እስከ 2024 ባለው ጊዜ ስድስት ቋሚ አሰልጣኞች መሆናቸው ነው። ቫንሀል ኳስ ይዞ መጫወት ይወዳል፤ ሞሪንሆ ኳሱን ለተጋጣሚ ትቶ መጠበቅ፤ ሶልሻየር በመልሶ ማጥቃት መሮጥ። አሰልጣኙ ሲቀየር ሁሉም ነገር እንደገና ከዜሮ ይጀመራል። አንሄል ዲማሪያ በ2014 በእንግሊዝ ሪከርድ ዋጋ በ59.7 ሚሊየን ፓውንድ ገብቶ በዓመቱ ወጣ። ፖል ፖግባ በ2016 በ89 ሚሊየን ፓውንድ መጥቶ በ2022 በነጻ ሄደ። ገንዘብ አልጠፋም። የጠፋው «ይህን ተጨዋች ለምን ፈለግነው?» ብሎ የሚጠይቅ ክፍል ነው።

ሌሎች ክለቦች ተጨዋች የሚመለምለውንና ረጅሙን ዕቅድ የሚይዘውን ሰው ከአሰልጣኙ ከለዩ ቆይተዋል። ዩናይትድ የመጀመሪያውን የእግር ኳስ ዳይሬክተር ጆን መርታፍን የሾመው በማርች 2021 ነው። የመረጃ ትንተና ክፍሉን የሚመራ ባለሙያ ያመጣውም በዚያው ዓመት ነው። ክርስቲያኖ ሮናልዶ በኖቬምበር 2022 ለጋዜጠኛ ፒርስ ሞርጋን በሰጠው ቃለ ምልልስ ከ12 ዓመት በኋላ ሲመለስ የመዋኛ ገንዳውም፣ ጂሙም፣ ወጥ ቤቱም ሳይለወጥ እንደጠበቀው ተናገረ። ብዙዎች «ተቀያሚ ነው» ብለው አለፉት። ሰውየው መቀየሙ እውነት ነው። ያለው ነገር ግን በጣሪያው ተመሰከረለት።

ፍትሀዊ ለመሆን፣ ጉዳዩ ስንፍና ብቻ አይደለም። የግሌዘር ቤተሰብ በ2005 ክለቡን ሲገዛ የተበደረውን ገንዘብ ክለቡ ላይ ጭኖታል። ለወለድ የሚወጣ ፓውንድ ጣሪያ አይጠግንም። እንደዚያም ሆኖ ዩናይትድ ከፈርጉሰን በኋላ ሁለት ኤፍኤ ካፕ፣ ሁለት ሊግ ካፕ እና የ2017ቱን ዩሮፓ ሊግ አንስቷል። እነዚህ ዋንጫዎች ግን እንቅልፉን አረዘሙት እንጂ አልቀሰቀሱትም። አንድ ዋንጫ በመጣ ቁጥር «ተመለስን!» ይባላል፤ ጥገናው ወደሚቀጥለው ዓመት ይገፋል።

ሒሳቡ የመጣው ተጠራቅሞ ነው። የ2028ቱ የአውሮፓ ዋንጫ የሚካሄድባቸው ስታዲየሞች ሲመረጡ ኦልድትራፎርድ አልተካተተም፤ ማንቸስተርን የወከለው የሲቲ ሜዳ ነው። በ2024/25 ዩናይትድ በ42 ነጥብ 15ኛ ሆኖ ጨረሰ፤ የዩሮፓ ሊግ ፍጻሜውንም ቢልባኦ ላይ በቶተንሀም 1ለ0 ተሸነፈ። በማርች 2025 ደግሞ 100 ሺህ ሰው የሚይዝ አዲስ ስታዲየም የመገንባት ዕቅድ ይፋ ተደረገ። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ለእንዲህ ዓይነቱ ነው።

አንፊልድ እንዴት ነቃ?

በኦክቶበር 2010 ሊቨርፑልን በ300 ሚሊየን ፓውንድ የገዛው የእነጆን ሄንሪ ኩባንያ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሰራው ስህተት ትንሽ አይደለም። ለአንዲ ካሮል 35 ሚሊየን ፓውንድ የከፈሉት እነርሱ ናቸው። ነገር ግን ስህተቱን አልሸፋፈኑትም። በ2012 የእግር ኳስ ዳይሬክተሩን ዴሚየን ኮሞሊን አሰናበቱ። በዚያው ዓመት ኢያን ግራሀም የሚባል የፊዚክስ ዶክተር ቀጥረው የምርምር ክፍል አቋቋሙ። ዩናይትድ ተመሳሳይ ክፍል የሚመራ ሰው ሲቀጥር ሊቨርፑል በስራው ዘጠኝ ዓመት ቆይቶበታል።

ይህ ክፍል በሌላ መልኩ የተመለሰ ቡት ሩም ነው። ደብተሩ ኮምፒውተር ሆነ፤ ጥያቄው ያው ነው። የርገን ክሎፕ በ2014/15 ከዶርትሙንድ ጋር ሰባተኛ ሆኖ ሲጨርስ ብዙዎች «አበቃለት» አሉ። የግራሀም ክፍል ግን የእያንዳንዱን ጨዋታ የጎል ዕድሎች አስልቶ ቡድኑ በጣም ዕድለ ቢስ እንደነበረ ደመደመ። ክሎፕ በኦክቶበር 2015 አንፊልድ ገባ።

ክሎፕም ቢሆን «አለቃው እኔ ነኝ» አላለም። በ2017 የርሱ ምርጫ ጀርመናዊው ዩሊያን ብራንት ነበር። ስፖርት ዳይሬክተሩ ማይክል ኤድዋርድስና ባልደረቦቹ ግን ሞሀመድ ሳላህን አጥብቀው ወተወቱት፤ እርሱም ሰማቸው። ሳላህ ከ40 ሚሊየን ፓውንድ ባነሰ ዋጋ መጥቶ በመጀመሪያው የውድድር ዓመት 44 ጎል አገባ። በጃንዋሪ 2018 ፊሊፔ ኩቲንሆ ለባርሴሎና ሲሸጥ ደጋፊው ተቆጣ። በዚያው ወር ግን ቨርጂል ቫንዳይክ በ75 ሚሊየን ፓውንድ ገባ፤ ክረምቱ ላይ በረኛው አሊሰን ተከተለ። ለምግቡ ሞና ኔመር ከባየርን ሙኒክ መጣች። ለእጅ ውርወራ ሳይቀር ቶማስ ግሮነማርክ የሚባል ዴንማርካዊ ተቀጠረ። ያን ጊዜ ተሳቀ። በ2019 የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ፣ በ2020 በ99 ነጥብ የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ሲመጣ ሳቁ ቆመ።

ትልቁ ፈተና የመጣው ክሎፕ በ2024 ሲለቅ ነው። ዩናይትድ ፈርጉሰን ሲሄድ የሆነውን ሁሉም ያስታውሳል። አርን ስሎት ግን ያገኘው የሚሰራ ቤት ነው። አብዛኛውን ያንኑ ቡድን ይዞ ኤፕሪል 27 ቀን 2025 ቶተንሀምን 5ለ1 አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። አንድ ሰው ሲሄድ የማይፈርስ ቤት ማለት ይህ ነው።

የሚሰማና የማይሰማ

መለወጥ ሲባል ግን አዲስ የተባለውን ሁሉ ማግበስበስ አይደለም። በኤፕሪል 2021 ሁለቱም ቀያዮች ከሌሎች አስር ክለቦች ጋር «ሱፐር ሊግ» ብለው ተነሱ። እንደነርሱ አባባል ዘመናዊ ለውጥ ነው። ደጋፊውን የጠየቀው ግን የለም፤ ነገሩ በሁለት ቀን ውስጥ ፈረሰ። ሜይ 2 ቀን የዩናይትድ ደጋፊዎች ኦልድትራፎርድን ጥሰው ገቡ፤ ጨዋታውም ተራዘመ። የዕለቱ ተጋጣሚ ሊቨርፑል ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁለቱም ክለቦች ደጋፊዎች የሚወከሉበት ቦርድ አቋቋሙ። ልዩነቱ መስማቱ ላይ ነው። ሊቨርፑል ይህን ትምህርት ቀደም ብሎ በዋጋ ተምሮታል። በፌብሯሪ 2016 የአዲሱ ትሪቡን ውድ ቲኬት 77 ፓውንድ እንደሚሆን ሲነገር 10 ሺህ የሚሆኑ ደጋፊዎች ከሰንደርላንድ ጋር በተደረገው ጨዋታ 77ኛው ደቂቃ ላይ ተነስተው ወጡ። 2ለ0 ይመራ የነበረው ቡድን 2ለ2 ተለያየ። በቀናት ውስጥ ባለቤቶቹ ይቅርታ ጠይቀው ጭማሪውን ሰረዙት። ትሪቡኑም በዚያው ዓመት ተመረቀ፤ አንፊልድ ወደ 54 ሺህ፣ በኋላም ወደ 61 ሺህ ሰው አደገ።

ኦልድትራፎርድ ላይ ደግሞ በ2024 መጨረሻ፣ ውድድሩ ተጋምሶ ሳለ፣ ለቀሪዎቹ የሜዳ ላይ ጨዋታዎች የሚሸጠው የአባላት ቲኬት 66 ፓውንድ ሆነ። የልጆችና የጡረተኞች ቅናሽም ቀረ። በዚያው ዓመት ወደ 250 የሚሆኑ የስራ ቦታዎች ተሰርዘዋል። ተጨዋች በውድ የገዛው፣ ጣሪያውን ያላየው ሌላ ሰው ነው፤ ሒሳቡን የሚከፍለው ግን ልጁን ይዞ የሚመጣው አባትና የቢሮ ሰራተኛዋ ናቸው። የማይለወጥ ድርጅት ዕዳውን ሁልጊዜ ወደታች ነው የሚገፋው።

ከኦልድትራፎርድ ወደ አዲስ አበባ

ይህን የሚያነብ የአዲስ አበባ ደጋፊ «የሰው ሀገር ወሬ ነው» ብሎ ሊያልፈው አይችልም። ጃንዋሪ 21 ቀን 1962 ኢትዮጵያ በራሷ ዋና ከተማ፣ በራሷ ስታዲየም፣ በራሷ ህዝብ ፊት ግብጽን በጭማሪ ሰዓት 4ለ2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን አነሳች። መንግስቱ ወርቁ ጎል ያገባበት ያ ጨዋታ እስከ ዛሬ ይተረካል። ስታዲየሙ በዚያን ጊዜ የአህጉሩን ፍጻሜ ለማስተናገድ የበቃ ነበር።

ከዚያ በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ተለወጠ። የካፍ መስፈርት ከዓመት ዓመት ጠበቀ። የተመልካች መቀመጫ፣ የመልበሻ ክፍል፣ መብራት፣ የጋዜጠኞች ቦታ፣ የህክምና ክፍል ሁሉም በደንብ ተጻፈ፤ ተቆጣጣሪም ይላካል። መስፈርቱ በአንድ ሌሊት የመጣ ዱብ ዕዳ አይደለም፤ ተጽፎ የተላከ ነው። የ1962 ዝና ግን ወንበር አይተካም።

ጁን 9 ቀን 2022 ዋልያዎቹ ከግብጽ ጋር በድጋሚ ተገናኙ፤ የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ነው። በውበቱ አባተ የሚሰለጥነው ቡድን ኳሱን ከኋላ መስርቶ፣ ሳይፈራ እየተቀባበለ ሰባት ጊዜ የአፍሪካ ሻምፒዮን የሆነውን ቡድን 2ለ0 ረታ። በስንት ዓመት አንዴ የሚገኝ ድል ነው። ባለሜዳዋም ኢትዮጵያ ናት። ጨዋታው የተካሄደው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ከተማ፣ ቢንጉ ስታዲየም ነው። በወቅቱ በሀገር ውስጥ የካፍን መስፈርት የሚያሟላ አንድም ስታዲየም አልነበረም።

አንድ ትውልድ ሙሉ ግብጽን የማሸነፍ ወሬ ከአባቱ ሲሰማ አድጓል። የራሱ ቀን ሲደርስ ጎሎቹን ያየው በቴሌቪዥን ነው። በዚያ ምሽት ስታዲየም ዙሪያ መዘመር የነበረበት ሰው ሰፈሩ ውስጥ ጨፍሮ ወደ ቤቱ ገባ። አሰልጣኙም ተጨዋቾቹም የሚጠበቅባቸውን አድርገዋል፤ አጨዋወታቸውን ለውጠው ትልቁን ቡድን አሸንፈዋል። አብሯቸው ያልተለወጠው ቤታቸው ነው።